ለጎረቤት የማይሰማ ቤዝ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አላወራችሁም። (የኑሮ ውድነቱ ሳይጠራ ይመጣል፤ ታያላችሁ።) ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤዝ ነው። ወታደራዊውን ቤዝ አይደለም፤ እሱን ለሚመለከታቸው ትቼዋለሁ። እኔ የምለው ሙዚቃ ውስጥ ከታች የሚሄደውን፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት የሚሰማውን ወፍራም ድምፅ ነው።

የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ከላይ ኪቦርዱና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የፈለጉትን ሲሆኑ፣ ከታች ቤዙ ያችኑ አጭር መንገድ እየተመላለሰ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ የሚያንጎራጉረው ዜማውን ነው። እግሩን ሲያስመታው የነበረው ግን ቤዙ ነው። እኔን የያዘኝም ይኸው እግር የሚያስመታው ነገር ነው።

እናላችሁ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምለማመድበት፣ ዋጋው ከአቅሜ ያላለፈ ቤዝ ስፈልግ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ልቤ የሄደው ወደ ኤሌክትሪክ ኮንትራባስ ነው። ኮንትራባስ (ደብል ቤዝም ይሉታል) ያ ሰው የሚያህለው፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት ትልቅ ቫዮሊን መሳይ ነው። ኤሌክትሪኩ የእሱ ከሲታ ወንድም በሉት። ሆዱ ወጥቶ አንገቱና ገመዶቹ ብቻ የቀሩ ይመስላል። ድምፁን የምትሰሙት በማጉያ ወይም በጆሮ ማዳመጫ ነው። ያለ ማጉያ ቢመቱት ከክፍሉ አልፎ ብዙ አይሄድም። «ቤት ውስጥ ለመለማመድ» እየተባለ የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

ፍለጋው ግን ከመሣሪያ አልፎ ሄደ። ጎረቤት ገባበት፣ ለቅሶ ገባበት፣ የአባቴ ስምና የእናቴ ፊት ገባበት። እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ

የምኖረው አንበሳሜ ነው። ለማታውቋት፦ ከባሕር ዳር ተነስታችሁ በጎንደር መንገድ ሐሙሲት ስትደርሱ፣ በስተቀኝ ወደ እስቴ የሚታጠፈውን መንገድ ብትይዙ የምታገኟት የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ጥቁሩን ጋወን ለብሼ ፎቶ ተነስቼ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመልሻለሁ። አልፎ አልፎ ከምጽፈው ጽሑፍ የማገኛት ፍራንክ አለች፤ ቤዙ የሚገዛው በእሷ ነው።

ቤታችን ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ግድግዳው የያዘውን ድምፅ ቆርቆሮው ይለቀዋል። ከጎረቤቶቻችን የሚለየን አጥር ብቻ ነው። እነሱ ቤት ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫው ይሰማናል፤ ጠሪ ልጅ ሳይላክብን ነጠላ እናነሳለን።

አውሮፓ ወይም ጃፓን ውስጥ ድምፅ የማያሰማ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚያስበው ከፎቁ በላይ ያለውን፣ ምናልባትም ስሙን የማያውቀውን ጎረቤት ነው። ያ ጎረቤት የሚፈልገው እንቅልፍ ነው። የእኔ ጎረቤት እንቅልፉን ብነሳው በማግስቱ ቡና ላይ ስቆብኝ ያልፋል። ይቅር የማይለኝ በለቅሶ ነው።

እኛ ሠፈር ሰው ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋል። ድንኳን ተተክሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ሐዘንተኛ ተቀምጦ ሳለ ከአጥሩ ወዲህ ክር ሲመታ ከተሰማ፣ ያ ቤት እስከ ልጅ ልጁ ይነሳበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልላችን ያለፈበትን ታውቃላችሁ። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል፤ መንገድ የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ለቅሶውም በርክቷል። በጊዜ ቤት የምንገባበት ምሽት በዛ፤ ቤት ገብተን ድምፅ የምናሰማበት ምሽት ግን አነሰ። በዚህ ላይ ጾሙን ጨምሩበት፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። እሱ ከሌለ ልምምድም የለም።

በነገራችን ላይ አገራችን በልምምድ ድምፅ የሚሸማቀቅ አገር አይደለም። ደቡብ ጎንደር ማለት የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ያለበት ምድር ነው። የቆሎ ተማሪ ሌሊት ተነስቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ትምህርቱን ይቀጽላል። ማንም «ዝም በል» አይለውም፤ እንዲያውም አዳሪው ሰው እየሰማ ያማትባል። እንግዲህ ችግሩ ድምፅ ማሰማቱ ላይ አይደለም። የትኛውን ድምፅ፣ ማን ያሰማል የሚለው ላይ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እንዲሰማ ተወልዶ፣ እንዳይሰማ የሚገዛ

አንድ የሚገርም ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ የዳንስ ባንዶች በመለከትና በድራም ሲሞሉ ምስኪኑ ኮንትራባስ አልሰማ አለ። በ1930ዎቹ እንደ ሪከንባከር ያሉ ሠሪዎች ትልቁን ሆድ አስወግደው፣ ድምፁ በኤሌክትሪክ የሚጎላ ቋሚ ቤዝ ሠሩ። በ1951 ሊዮ ፌንደር ነገሩን አሳጠረው። እንደ ጊታር አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ በቀጫጭን ብረት የተከፋፈለ «ፕሪሲዥን ቤዝ» አወጣ። ስሙ «ልክ የሆነ» እንደማለት ነው፤ ብረቶቹ ጣትን ከስሕተት ይጠብቃሉና።

እንግዲህ ሆድ የሌለው ቤዝ የተፈጠረው ድምፁ እንዲጎላ ነበር። ዛሬ ያው መሣሪያ የሚሸጠው እንዳይሰማ ነው። ይህን ሳነብ ለመሣሪያው አዘንኩለት። ከዚያ ዋጋውን አየሁና ለራሴ አዘንኩ።

አንደኛው ምርጫ፦ ኤሌክትሪክ ኮንትራባስ

ከፍ ካሉት ውስጥ የጃፓኑ ያማሃ «ሳይለንት ቤዝ» እና ኔድ ስታይንበርገር የመሠረተው ኤንኤስ ዲዛይን ይጠቀሳሉ። ያማሃው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው። ዝቅ ካሉት ውስጥ የቤልጅየሙ ስታግ አለ፤ እሱ በመቶዎች ዶላር ነው። «በመቶዎች» ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። (ይኸው! ሳይጠራ ይመጣል አላልኳችሁም?)

«ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣ ያምጣልሽ» ያለኝ ጓደኛ አለ። ብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ። የዚህ መሣሪያ ገመድ ብቻ ከጫፍ እስከ ድልድዩ 104 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንገቱን፣ እግሩንና ማሸጊያውን ስትጨምሩበት ከልኩ ያልፋል። ከዚያ የጭነት ክፍያ አለ፣ ጉምሩክ አለ። አንድ ገመድ ቢበጠስ ደግሞ እኔ ደብረ ታቦር ገበያ ዞሬ የኮንትራባስ ገመድ የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም።

ግን ፍርደ ገምድል አልሁን። ያ ያስቸገረኝ 104 ሳንቲ ሜትር ዋናው ጥቅሙም ነው። ኮንትራባስ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚጠቁም ብረት የለም፤ ርቀቱን የምትለምደው ክንዳችሁ ነው። አጭር መሣሪያ ላይ የለመደ ክንድ ትልቁ ላይ ሲሄድ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ ነገ ኦርኬስትራ ውስጥ መግባት የሚያስብ፣ ወይም እንደ ሔኖክ ተመስገን ሁለቱንም ቤዝ መጫወት የሚያምረው ሰው አጠራቅሞ ይህንኑ ይግዛ። ሲገዛ ሦስት ነገር ይመልከት። አንደኛ፣ የገመዱ ርዝመት የእውነተኛው ልክ ይሁን። ሁለተኛ፣ ድልድዩ ከፍና ዝቅ ማለት ይችል። ሦስተኛ፣ ቆሞ ሲጫወቱት የማይዞር ጠንካራ እግር ይኑረው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

እኔ ግን የምፈልገው ትዝታና ባቲ ከታች ማስኬድ ነው። ለዚህ 104 ሳንቲ ሜትር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ያገለገለ ቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታር የኮንትራባስ ልጅ ነው። አራቱ ገመዶች የሚቃኙት በአባቱ ቅኝት ነው፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ወፍራሙ ኢ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የተለመደው የገመድ ርዝመት 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ጉልበት መሀል ይቆማል። (የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት «ይሄ ደግሞ የሰው ሒሳብ ይከፍላል» ማለቱ አይቀርም፤ ተዘጋጁ።) ከሦስቱ ምርጫዎች ያገለገለ በቀላሉ የሚገኘው እሱ ነው። ለሚገዛ ሰው ያጠራቀምኩትን ልስጥ፦

አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት። በጣም ትንሽ መጎበጥ ደግ ነው፤ እንደ መጥረቢያ እጀታ የተጣመመውን ግን ተዉት።

በአራቱም ገመድ ላይ እያንዳንዱን ክፍል አንድ በአንድ ምቱት። አንድ ቦታ ላይ የሚንዛዛ ወይም የሚሞት ድምፅ ካለ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው።

ቃኝታችሁ አስቀምጡትና ከሻጩ ጋር ቡና ጠጡ። ቶናው አልቆ ስትመለሱ ቅኝቱ ከወረደ መቃኛውን ጠርጥሩ።

ማጉያ ላይ ሰክታችሁ ቁልፎቹን ሁሉ አዙሩ፤ ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳም ነቅነቅ አድርጉ። የሚንጫጫ ከሆነ በብየዳ ይስተካከላል፤ ግን ዋጋ አስቀንሱበት።

ለጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ትልቅ ማጉያ አያስፈልግም። እንደ ቮክስ አምፕለግ ያሉ፣ ቤዙ ላይ በቀጥታ የሚሰኩና በሁለት ትንንሽ ባትሪ የሚሠሩ አሉ። መብራት እንደፈለገ ለሚሄድበት ከተማ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዓይነት ቢሆን ይሻላል። የስልክ ስፒከር ያንን የ41 ንዝረት ማውጣት አይችልም፤ ቀሪውን ጆሯችሁ እየገመተ ይሞላዋል እንጂ።

የባትሪን ነገር ካነሳሁ ኃይሉ መርጊያን ሳልጠራ አላልፍም። በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬም ከቀሩት ውስጥ ነበር። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ዱለስ አየር ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከታክሲው ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አገኘው፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የነበረው የልምምድ ክፍል የመኪና ወንበር ነበር። ስለዚህ «ቦታ የለኝም፣ ማጉያ የለኝም» የምንል ሰዎች ትንሽ ብናፍር አይጎዳንም።

ሦስተኛው ምርጫ፦ ቤዝ ክራር

አዲስ አበባ ውስጥ ባህላዊ ምሽት ቤት ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁታል። ከመሲንቆውና ከዋሽንቱ ጎን ትልቅ ክራር ይዞ የተቀመጠ፣ ከክራሩ ሽቦ ወጥቶ ማጉያ ውስጥ የገባ ሰው አለ። ሆዳችሁ ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው ከእሱ ነው። ይህ ፈረንጅ ያልሠራልን፣ እኛ ለራሳችን ያበጀነው ኤሌክትሪክ ቤዝ ነው።

አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ አሠርተዋል። መድፍ የተሠራበት አገር አንድ ቤዝ ክራር አያቅተውም ብዬ ከተማችን ውስጥ አንድ አናጺ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ክራር ሠርተው ያውቃሉ?»

«አልጋ ነው የምሠራ፣ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና «ክራርስ አልጋ አይደል? ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ» አሉ።

ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትም አላገኝም ነበር።

ቤዝ ክራር ለማሠራት ግን የክርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ክር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ እንዲወርድ ከሦስት አንዱ መሆን አለበት፦ ወይ ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል፣ ወይ ውጥረቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ወይ ክሩ በዚያው ርዝመት አራት እጥፍ ይከብዳል። የተለመደውን ክራር ክር አላልቶ ቤዝ ሊያደርግ የሚሞክር ሰው የሚያተርፈው የሚንቀጠቀጥ ልል ክር ነው። የቤዝ ጊታር ገመድም ቢሆን 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክራር ላይ በዚያው ቅኝት ቢወጠር ውጥረቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ጣትን አይመልስም። ስለዚህ ለአናጺው የሰጠሁት ልክ ከብርኩማው እስከ ቀንበሩ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። የቤዝ ጊታር አራት ገመዶች በልካቸው ሲወጠሩ አንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ለዚህም እንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ቀንበሩ በሳምንቱ ይጎብጣል።

ሆዱን ደግሞ ክፍት ገበቴ በቆዳ የተለበጠ ሳይሆን ድፍን እንጨት አድርጌዋለሁ። ቆዳ ያለው ክራር ሽቦ ተሰካበት አልተሰካበት ይጮሃል። ድፍኑ ግን ያለ ማጉያ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚሰማ ነው።

ድምፅ መቀበያው ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የጊታር ማግኔት መቀበያ የሚሠራው በብረት ገመድ ብቻ ነው፤ ናይለን ላይ አንዳች አይሰማም። ለሁሉም የሚሆነው ፒዬዞ የሚባለው፣ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክብ ቅጠል ነው። በየማንቂያ ደወሉ ውስጥ ያለ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ የቴፕና የሬዲዮ ጥገና ቤት አይጠፋም። ከብርኩማው ሥር ይለጠፋል። ሁለተኛው ነገር፦ ፒዬዞን ልኩ ባልሆነ ማጉያ ላይ ብትሰኩት መጀመሪያ የሚሞተው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ የገዛችሁት ቤዝ ትንኝ ይሆናል። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ለመሣሪያ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ክራር ላይ አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። አምስት ወይም ስድስት ክር ካለህ ያለህ ይኸው ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድ እንደገና መቃኘት አለብህ። ባንድ ውስጥ ገብቶ በአንድ ምሽት ሠላሳ ዓይነት ዘፈን ለሚያጅብ ሰው ቤዝ ጊታር ይሻለዋል። አምስቱን ድምፅ ይዞ ከታች ለመመላለስ ለሚፈልግ ሰው ግን ክራር የማይፈልገውን ድምፅ ሁሉ አስቀድሞ አስወግዶለታል።

በገናስ?

«ወፍራም ድምፅ ፈልገሽ በገናን እንዴት ዘለልሽ?» የሚል አይጠፋም። አልዘለልኩትም። አሥር አውታር ያለው በገና ከአገራችን ክር መሣሪያዎች ድምፁ ዝቅ የሚል፣ ለብቻ ቤት ቁጭ ብሎ ለመደርደር የተመቸ ነው። ያ የሚያዝን የሚመስል እዝታው የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ1970ዎቹ (በፈረንጅ) በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ሲያስተምሩ የነበሩ ናቸው፤ የሳቸውን ድርደራ የሰማ ሰው ይህ መሣሪያ ለማጀብ እንዳልተሠራ ይገባዋል። በገና የሚደረደረው ለጸሎትና ለተግሣጽ ነው። እኔ የምፈልገው እግር የሚያስመታ ነገር ነው፤ በገናን ለዚያ ማዋል በነጠላ ጫማ እንደመጥረግ ይሆንብኛል።

ግን በገና አንድ ነገር ያሳየናል። እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ተጽፏል፤ ማንም አላነወራቸውም። በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የሰይጣን ነው የሚለው አባባል እኛ አገር አሁንም አልጠፋም። ሁለቱም እንጨት ናቸው፤ ሁለቱም ክር ናቸው፤ ቅርጻቸውም ይመሳሰላል። አንዱ ሴትን ያስከብራል፣ ሌላው ያሰድባል።

እናቴ የጠየቀችኝ

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን መልሱልኝ።

እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር ነገሩን ያነሳሁላት። ቤዝ ጊታሩን ስነግራት ምንም አልከፋትም። «ደግ ነው፤ የሠለጠነ ነገር ነው» አለች። ቤዝ ክራር ስላት እንዝርቱ ቆመ።

«ክራር? አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርንሽ ለዚህ ነው? የእገሌ ልጅ አዝማሪ ወጣች ቢባል አባትሽ በየት ይሄዳል?»

ልብ በሉ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ከታች ሆነው ያጅባሉ። ጊታሩ ከውጭ ስለመጣ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ የሚሰድበው የለም። ክራሩ የእኛ ስለሆነ ስድቡንም አብሮ ወርሷል። በዘፈኑ ሠርግ አድምቀን፣ ግጥሙን በቃላችን ይዘን፣ «አዝማሪ» የሚለውን ግን ለስድብ የምናውል ሰዎች ነን።

«እማዬ፣ አይሰማም እኮ» አልኳት። «በጆሮ ማዳመጫ ነው። ጎረቤት አይሰማ፣ አንቺም አትሰሚ።»

እንዝርቱን እንደገና አሽከረከረችና «ካልተሰማ ምን ይሠራልሻል ታዲያ?» አለችኝ።

ልትከለክለኝ ብላ ነው የጠየቀችው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጥያቄውን ሳገላብጠው አደርኩ። ለጎረቤት ሐዘን ብዬ ድምፄን ብዘጋ ያ ዝምታ የእኔ ስጦታ ነው፤ ሐዘኑ ሲነሳ ዝምታውም ይነሳል። «አዝማሪ እንዳልባል» ብዬ ብዘጋ ግን ያ ዝምታ ማብቂያ የለውም። ዓመቱን ሙሉ፣ ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ እጫወታለሁ፤ ማንም አይሰማም። ሁለቱም በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ይከናወናሉ፤ ከውጭ ሲታዩም ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሴት መድረክ ላይ መቆሟ በሚነወርበት ዘመን አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ ክራር ይዘው ሰው ፊት ወጥተዋል። የጆሮ ማዳመጫ አልነበራቸውም። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታርፍ የሸኛት ሕዝብ ውስጥ፣ በወጣትነቷ ቢያያት ኖሮ ፊቱን የሚያዞርባት ብዙ ሰው እንደነበረ እገምታለሁ። ያንን ዋጋ እነሱ ከፍለውታል። የእኔ ድርሻ እናቴንና የአጥር ጎረቤቶቼን ቀስ እያልኩ ማስለመድ ብቻ ነው፤ ከእነሱ ዕዳ ጋር ሲነጻጸር የእኔ ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። የምይዘው ቤዝ ክራሩን ነው። ያስመረጠኝ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ እርግጥ ለአናጺው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈልኩ የማሠራው መሆኑ ረድቶኛል። ሲሰበር የሚጠግነው ሰው አንድ ሠፈር ውስጥ መኖሩም ረድቶኛል። ዋናው ግን የምጫወተውን ነገር የት እንደተወለደ የማውቀው መሆኑ ነው።

ክራሩ ሁለት ቀዳዳ ይኖረዋል፤ አንዱ ለጆሮ ማዳመጫ፣ አንዱ ለስፒከር። ለቅሶ ሲኖር፣ በጾም፣ ሰው ሲተኛ በመጀመሪያው እለማመዳለሁ። በቀረው ጊዜ፣ ቀን፣ በር ከፍቼ በሁለተኛው። እናቴ ይህን ስነግራት አልመረቀችኝም፤ አልረገመችኝምም። «ከቡና በኋላ ይሁን» ብላለች። እኛ ቤት ይህ ትልቅ ፈቃድ ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ የምትለማመዱበት መሣሪያ ስትመርጡ ዋጋውን ጠይቁ፣ አንገቱን አነጣጥሩ፣ መግቢያውን መርምሩ። ከዚያ «ድምፁን የምዘጋው ለማን ብዬ ነው?» በሉ። መልሱ «ለጎረቤቴ» ከሆነ ግዙት፤ ገንዘባችሁ አልጠፋም። መልሱ «ሰው እንዳያውቅብኝ» ከሆነ፣ በሺህ ዶላር የሚሸጠውም አይጠቅማችሁም።

አናጺው ዋንዛው እስኪደርቅ ታገሺ ብለውኛል። ቸር ይግጠመን።